የተራራ ጨው

ኦስትሪያ የሄድኩት ተገድጄ ነው። ሰው ሽርሽር ሂድ ተብሎ ሲገደድ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ጓደኛዬን አታውቋትም።

ጓደኛዬ ኤርትራዊት ናት፤ አሰብ ተወልዳ ያደገች፣ ኋላ አዲስ አበባ የኖረች፣ በሱዳን በኩል ዞራ አሜሪካ የገባች ሙስሊም። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ፣ በዕድሜ ከእሷ አሥራ ሁለት ዓመት አንሳለሁ። ኦክላንድ እኖራለሁ፤ ከኤርፖርቱ እስከ መኪና ማቆሚያው የሚመላለስ ሻትል እነዳለሁ። ባል ነበረኝ፣ አሁን የለኝም። ልጅም የለኝም። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከሥራ ስወጣ ስልኬን አንስቼ የምደውልላት አንዲት ሰው እሷ እንደነበረች እንድታውቁልኝ ነው።

የተዋወቅነውም እዚያው ሻትል ውስጥ ነው። አንድ ሰውዬ ሻንጣውን እግሬ ላይ ጥሎብኝ፣ ሶሪ እንኳን ሳይል ወረደ። በሩን ዘጋሁና ማን ይሰማኛል ብዬ በአማርኛ የልቤን ተናገርኩ። ከኋላ ወንበር፣ «እሱስ ይሁን፣ ይገባዋል፤ እናቱ ግን ምን አደረገችሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። በመስታወት ሳይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ያወረደች ሴትዮ ናት። እፍረቴን አልረሳውም። «ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎ መኖርዎን አላወቅሁም» ስላት፣ «እርስዎ አትበዪኝ፤ ዕድሜዬ ይበቃኛል፣ ከላዩ አትጨምሪበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ሆነች።

የምትኖረው ዩኒየን ሲቲ ነው፣ ከልጇ ጋር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በባቡር እሄዳለሁ፣ ጣቢያው በር ላይ መኪናዋን አቁማ ትጠብቀኛለች፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ድሮዎቹ የጨው ኩሬዎች እንወርዳለን። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ውሃ፣ የበሰበሱ የእንጨት ምሰሶዎች፣ ዳር ዳሩ ነጭ ቅርፊት። ሌላው ሰው ወፍ ለማየት መነጽር አንግቶ ይመጣል። እሷ የምትመጣው ለቁጥጥር ነው። አባቷ አሰብ ላይ የጨው ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስላቸው ሥራውን በዓይኗ ለምዳዋለች። «ይሄ አረንጓዴ ነው፣ ገና ነው» ትላለች። «ይሄኛው ቀልቷል፤ ሊደርስ ነው። ለምን ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም? ማን ነው የዚህ ኃላፊ?» አብዛኛው ከተተወ ቆይቷል፣ ለወፍ ለቀውታል ብላት አትሰማም። ጎንበስ ትልና ከዳር ቅርፊት ትቆርሳለች፣ በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርጋለች፣ አፍንጫዋን ሰብስባ ፊቷን ታጨማድዳለች።

«የአሰቡ ይበልጣል» ትላለች።

«ጨው ጨው ነው» እላለሁ እኔ።

ሰባት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ይህንኑ ተባባልን። አንድም ቀን እሷ አልለቀቀችም፣ አንድም ቀን እኔ እሺ አላልኩም።

አንድ ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ አንድ አገር አየች። ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ዙሪያውን በተራራ ተከቧል፤ ተራራው ሆዱ ውስጥ ጨው አለው፣ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ እየቆፈሩ ያወጡታል። ሰኞ ከሥራ ሳልወጣ ደወለች። «ጨው ከተራራ ይወጣል ይላሉ። አንቺ ታምኛለሽ?» አሞሌው ራሱ ከየት የመጣ መሰለሽ፣ እሱስ የባሕር ነው ወይ አልኳት። «እሱማ የደረቀ ባሕር ነው። ጨው የባሕር ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ የሸወዱን ነገር አለ፤ ሄደን እናያለን።»

እንሄዳለን ተባለ። ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ የሁለታችንንም ቲኬትና የእንግዳ ማረፊያውን ያዘችልን፤ እኔም ኮንኮርድ ካለ ሱቅ የተራራ ጫማ ገዝቼ ሠፈር ለሠፈር ማለማመድ ጀመርኩ። በመካከሉ የጓደኛዬ ኩላሊት ታመመ። ሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ ሆነች። ጨውም ተከለከለች። ዶክተሩ ጨው እርም ነው ባላት ቀን እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ግን «አባቴ ቢሰማ ሐኪሙን ይከሰው ነበር» ብላ ትስቃለች።

እኔም እቀራለሁ አልኩ፤ እሷ ግን ቁጣ ሆነች።

«የእኔን ካንስል አድርጊው። አንቺ ትሄጃለሽ።»

«ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? ደግሞ አንድ ነገር ብትሆኚስ?»

«ምን እሆናለሁ፣ ማሽን ላይ ተሰክቼ የለ? ትሄጂና እያንዳንዱን ነገር በቮይስ ትነግሪኛለሽ። ጨውም ታመጪልኛለሽ። በምላሴ ብቻ ነካ አደርገዋለሁ፤ ዶክተሩ ቤቴ አይመጣ።»

የሄድኩት ለዚያ ነው፤ ያንን ጨው አምጥቼ ምላሷ ላይ ላስነካት።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ መናገር አለብኝ። ያን ዓመት በበልጉ ኮንኮርድ መርዶ ሄደን ነበር። ሁለታችንም የምናውቃት ሴት ወንድሟ አገር ቤት ከሞተ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እሷ ግን የልጇ ሠርግ ስለነበረ ማንም አልነገራትም። ጎህ ሳይቀድ ተሰባሰብን፣ መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ የሚጠሩት ጋሼ በትልቁ መኪናቸው ወሰዱን፣ በሯን አንኳኳን። በሌሊት ልብሷ ሆና ከፈተችልን። ፊታችንን ስታይ ያወጣችውን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

ስንመለስ ተናድጄ ነበር። «ይሄ ጭካኔ ነው። ወንድሟ አፈር ገብቶ እሷ ሠርግ ላይ እስክስታ ወረደች። ቪዲዮውን ባየችው ቁጥር ምን ይሰማታል?»

ጓደኛዬ በመስኮት እያየች፣ «ሦስት ሳምንት ወንድሟን ጨመርንላት እንጂ ምን ወሰድንባት?» አለች።

«እኔን ግን እንዳትደብቂኝ። የማንም ይሁን የማን፣ የትም ልሁን፣ ደውለሽ ንገሪኝ። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ፣ እኔ አልደብቅሽም» አለችኝ። ጋሼ ከፊት ሆነው እየነዱ ሰምተዋል።

ነሐሴ ላይ ሄድኩ፣ በፍልሰታ ጾም። ቅቤና አይብ በሚፈስበት አገር መጾም ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ጠና ያሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው አጭር ነው፣ የእኔ ጀርመንኛ ጭራሽ የለም። ጠዋት የአሳማ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ ደረደሩልኝ፤ ሁሉንም በእጄ ስመልስ የታመምኩ መሰላቸው። ቆይተው የተቀቀለ ድንች አመጡልኝ፤ ከጎኑ ጨው በትንሽ ሳህን። ጨውን አሳዩኝና በመስኮት ወደ ተራራው ጠቆሙ። ቀመስኩት። ጨው ጨው ነው።

ሐይቁ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ተራራው ቀጥ ብሎ ከውስጡ የወጣ ይመስላል። ቤቶቹ ለመቆሚያ ቦታ አጥተው አንዱ ባንዱ ላይ ተሰቅለዋል። ቱሪስቱ ጎዳናውን ሞልቶታል፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው። እኔ ሰው ካለበት ሸሽቼ መቃብሩ ጋር ደረስኩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ድሮ ሙታኑን ከጥቂት ዓመት በኋላ ያወጧቸውና የራስ ቅላቸውን አበባ ስለው፣ ስማቸውን ጽፈው ይደረድሯቸው ነበር። አየሁት፤ ተደርድሯል። ፎቶ አነሳሁና ላልክላት ስል ተውኩት። ለታመመ ሰው የራስ ቅል አይላክም። ስለ ድንቹ ነገርኳት።

የሰዓቱ ልዩነት ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ ስነሳ እሷ ልትተኛ ነው፤ ስለዚህ በቀን ያየሁትን ሁሉ እየሄድኩ ለስልኬ አወራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እሷ ስትነሳ ትሰማዋለች። እሷ አትጽፍም። ዓይኗ ደክሟል፤ ባይደክምም «መናገር እያለ ምን ያስጽፈኛል» ባይ ናት። መልሷ በድምፅ ይመጣል፣ ከኋላው የልጇ የቡና ማሽን እየጮኸ። የመጀመሪያው ቀን መልስ፣ «ድንቹን ሳትልጪው እንዳትበዪ» የሚል ነበር።

ሁለተኛው ቀን ወደ ጨው ተራራው በእግሬ ወጣሁ። ሌላው ሰው በገመድ በሚጎተተው ባቡር ሽው ብሎ ይወጣል፤ እኔ ለጫማዬ ክብር ብዬ ጠመዝማዛውን መንገድ ያዝኩ። ላብ በላብ ሆንኩ። መንገዱ ዳር ስለ ጥንቱ ተሸካሚዎች የተጻፈ ሰሌዳ አለ። ጨውን ከተራራው ያወርዱ የነበሩት ሴቶች ናቸው፤ ድንጋይ ድንጋዩን ጨው በጀርባቸው ቅርጫት ተሸክመው፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በበረዶም። ያን ሳነብ እሷ ካጠገቤ ባለመኖሯ ውስጤ ተቃጠለ። እሷ ብትኖር ሰሌዳው ፊት ቆማ አንድ ሰዓት ታስተምረኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ እያለከለክሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅርጫቱን፣ ቁልቁለቱን፣ በረዶውን።

መልሷ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ድምፅዋ ትንሽ ሰልሏል።

«አንቺ፣ ዳገት ስትወጪ አታውሪ፤ እየሞትሽ መስሎኝ ደነገጥኩ። መጀመሪያ ቁጭ በዪ፣ ከዚያ አውሪ። ሴቶቹን ግን አሰብኳቸው። ጀርባቸውን ምን ይቀቡት ነበር? ጨው ላብ ሲነካው እንዴት እንደሚበላ አንቺ አታውቂውም። አባቴ እግሩ ሲቆስል ሰሊጥ ዘይት ነበር የምንቀባው። ጠይቂልኝ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ጥያቄዋን ለባለቤቲቱ አቀረብኩ። ጀርባዬን በእጄ እያሸሁ፣ ቅርጫት የተሸከምኩ እየመሰልኩ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በእጅ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና ወደ ማቀዝቀዣው ሄደው አንድ ነጭ ነገር አምጥተው አሳዩኝ። የአሳማ ስብ ነው። እርግጠኛ እንዳልሆኑ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። የጓደኛዬን ፊት አሰብኩታ። አስተግፍሩላህ ስትል እስክሰማ ቸኮልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ማዕድን ማውጫው ገባሁ። ነጭ ካፖርትና ሱሪ አልብሰው፣ በባቡር አስቀምጠው ወደ ተራራው ሆድ ይወስዷችኋል። ውስጡ ይበርዳል። አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ናት፤ በፋኖስ ግድግዳውን ስታበራው ቀይ፣ ግራጫና ብርቱካናማ መስመር ይታያል። «ይህ ሁሉ ከተራሮቹ በፊት ባሕር ነበር» አለች በእንግሊዝኛ። ባሕሩ ደረቀ፣ ጨው ሆነ፣ ተራራውም ላዩ ላይ ተነሳበት። እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁና ብቻዬን ሳቅሁ። የደረቀ ባሕር ነው። አንድም መጽሐፍ ሳታነብ፣ ዩኒየን ሲቲ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ እሷ ልክ ነበረች። ስንወጣ አስጎብኚዋ ለየሰዉ የጣት ጫፍ የምታህል ቀላ ያለች ጨው ሰጠችን። በመሐረቤ ጠቀለልኳት።

ከዋሻው በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንዳዘዘችኝ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ነገርኳት። «እትዬ፣ አሸንፈሻል። ባሕር ነው። ተራራው የደረቀ ባሕር ነው፤ እኔ ተሳስቻለሁ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ይሄን ድምፅ ሴቭ አድርጊው፣ ሁለተኛ አልደግመውም። ሴቶቹ ጀርባቸውን ይቀቡት የነበረው ደግሞ፣ ምናልባት ነው፣ የአሳማ ስብ ነው። ጨውሽን ይዣለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጽሑፍ ነው፤ በላቲን ፊደል፣ ኦኬ ይላል። ከጎኑ የአውራ ጣት ምልክት።

ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሰባት ዓመት የነፈግኋትን ድል በእጇ አስቀምጬላት፣ የአሳማ ስብ ጨምሬላት፣ ኦኬ ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ደወልኩ፤ አይነሳም። ልጇ ጋ ደወልኩ። አላነሳችም፤ ቆይታ «እማ ደክሟታል፣ ተኝታለች። ምሳ በላሽ ወይ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ልጅቷ ጎበዝና ጨዋ ናት፣ ግን ምሳ ብበላ ባልበላ ጠይቃኝ አታውቅም።

በማግስቱ ረጅሙን መንገድ ሄድኩ። ከጨው ተራራው ተነስቶ የጨው ውሃ በሐይቆቹ ዳር ለዳር ወደ ሩቅ አገር የሚያወርድ ቱቦ ነበር፤ ያኔ ግንድ እየሰረሰሩ፣ አንዱን ካንዱ እየገጠሙ የሠሩት። መንገዱ የዚያን ቱቦ አካሄድ ይከተላል፣ በጫካው ወገብ ላይ፣ ሐይቁን ከታች እያሳየ። ሰው የለበትም። አንድ ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች አልፈውኝ ሰላምታ ሰጡኝ፤ እሱም ያ ብቻ ነው። እየሄድኩ ስልኬ ደጋግሞ ይጮኻል። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ በዓመት አንዴ የማትደውልልኝ ሴት «ደህና ነሽ? እየበላሽ ነው? መቼ ነው የምትመለሺው?» አለች። ሌላዋ «ስትሄጂ ገደል ገደሉን ተጠንቀቂ» አለች። ቀጥሎ የጋሼ መልእክት መጣ። «የፊታችን ዓርብ ኤርፖርት እኔ እቀበልሻለሁ» ይላል።

አግዳሚ ወንበር ነበረ፣ ተቀመጥኩ።

ሰው ስንት ዓመት ከኤርፖርት ወደ መኪናው አመላልሻለሁ። እኔን ግን ማንም ኤርፖርት ተቀብሎኝ አያውቅም። ጋሼ ደግሞ ያለ ነገር ማንንም አይቀበሉም። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ መብላቱን ታረጋግጣለህ፣ የሚመጣበትን ሰዓት ትጠይቃለህ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰማ ስልክ ያለውን ሁሉ ታስጠነቅቃለህ። ኮንኮርድ ላይ እኔም ያቺን ሴት በዋዜማው ደውዬ እራት በላሽ ወይ ብያታለሁ።

እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ልጅቷ ጋ ደውዬ ቀጥታ ብጠይቅ፣ አትዋሸኝም ነበር። ድፍረቱም አለኝ፤ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነበር። አልደወልኩም። በዚያ ጫካ ውስጥ፣ አጠገቤ ማንም ሳይኖር፣ ያን ቃል መስማት ፈራሁ። ካልነገሩኝ አልሞተችም አልኩ። ስልኬን ወደ አፌ አቀረብኩና እንደተለመደው አወራሁላት፤ ስለ ግንዶቹ፣ እንዴት እንደሰረሰሯቸው፣ ጋሼ ኤርፖርት እንደሚመጡ፣ «መኪናቸው ደህና ነው ወይ» ብዬም ቀለድኩ። መልሱ አውራ ጣት ነበር። ቀሪዎቹን ሁለት ቀናትም እንዲሁ አወራሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሳምንት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ያን ያህልም አውርቼ አላውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ጋሼ በር ላይ ቆመዋል፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ሻንጣዬን ቀሙኝ።

«ብርድ ነበር?» አሉኝ።

«ትንሽ። እርስዎ እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ደህና፣ ተመስገን። ምሳ አውሮፕላን ላይ ሰጧችሁ?»

እስከ ኦክላንድ ድረስ ስለ ትራፊኩ ብቻ አወራን። ፊታቸውን አላየሁም፤ እሳቸውም የእኔን አላዩም። ቤቴ ስገባ ቁልፍ የሰጠኋት ጎረቤቴ ምስር ወጥና ጎመን አስቀምጣልኛለች፤ ቤቱ ተጠርጓል፣ ወንበሮቹም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘዋል። ወንበር የሚጠጋው ሰው ሲመጣ ነው። ጋሼ በር ላይ ሆነው «ብዪ፣ በደንብ ብዪ። ከዚያ ዕረፊ። ጠዋት ብቅ እንላለን» አሉኝ።

በላሁ። ጥርግ አድርጌ በላሁ፣ ተኛሁም። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ታጠብኩ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጣፋሁ። መሐረቡን ፈትቼ የጨው ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የመኪናዎቹን በር ሲዘጉ ሰማሁ፤ ደረጃውን ቀስ ብለው ሲወጡ ሰማሁ። በሩን ሊያንኳኩ ሲሉ ተከፍቶ አገኙት። ሁሉም እዚያው ቆሙ። ጋሼ ነጠላዬን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግቡ» አልኳቸው።

የሞተችው ሰኞ ሌሊቱን ነው፣ የሴቶቹን ነገር ሰምታ መልስ በላከችልኝ ዕለት። እንደ ሃይማኖቷ ወዲያው በማግስቱ ተቀበረች። እኔ ዋሻ በር ላይ ቁጭ ብዬ አሸንፈሻል ስላት፣ እዚህ ዓይኗን እየከደኑላት ነበር። ጋሼ ይህን ሁሉ በዝግታ ነገሩኝ፤ እንዲህም አሉ፣ «ልጅቷ ልንገራት ብላ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳት። ገደል ላይ ናት፣ ብቻዋን ናት አልኩ። እናቷ ቃል መግባቷንም ሰምቻለሁ፤ ግን ቃሉ የእሷ ነበር እንጂ የእኔ አልነበረም።» ልቆጣቸው ፈለግሁ። ቁጣ አጣሁ።

ልጅቷ ከሁሉም ኋላ ነበረች፣ የእናቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ከልጅነቷም እንዲያ ነበረች። «አይም ሶሪ አንቲ» አለች፣ «ኦኬ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የትኛው ድረስ ሰማች?»

«ዘ ባስኬት ሌዲስ» አለች፣ ባለቅርጫቶቹን ሴቶች። «ሁለቴ አስደገመችኝ። ሌሎቹን እኔ ነኝ የሰማኋቸው። ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጨው አየቻት። በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። አገላብጣ አየቻትና በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገች። አፍንጫዋን ሰብስባ ፊቷን አጨማደደች፤ ልክ እንደ እናቷ፣ ልክ እንደዚያው። ቁራጯን በመዳፏ ይዛ በአማርኛ ጀመረች፣ እንዳይጠፋባት ቃል በቃል እየለቀመች፣

«እማ ሰኞ ማታ እንዲህ ብላኛለች። "ጨውን ታመጣለች። እኔ ባልኖር አንቺ ቅመሺው። እንዴትም ቢሆን፣ የአሰቡ ይበልጣል በያት።"»

እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ጋሼ ሊይዙኝ ተነሱ፣ ሴቶቹም ተነሱ፣ ወንበሩም ወደቀ። የልጅቷን እጅ ከነጨው ያዝኩና፣

«ይበልጣል» አልኳት።